አዲስ ዕውቀት በማን እጅ?

በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር፤ ለአዲስ አንባቢዎች የታተመ

 

የዛሬው ንግግራችን ስለ አዲስ ሐሳብ ነው። በሬዲዮ በየጊዜው ትሰማላችሁ። ሳይንቲስቶች ይህን አገኙ ይባላል። መሐንዲሶች ያንን ሠሩ ይባላል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ፣ «ይህ የተማሩ ሰዎች ነገር ነው፤ እኔን ምን አገባኝ?» ብሎ ያልፈዋል። እስቲ ዛሬ አናልፈው። እስቲ ቆም ብለን እንጠይቅ። አዲስ ዕውቀት ከየት ይመጣል? ከመጣስ በኋላ በማን እጅ ይገባል?

ሦስት ነገሮች እነግራችኋለሁ። የመጀመሪያው ስለ ጨውና ስኳር ነው። ሁለተኛው ስለ አይጥ ነው። ሦስተኛው አብራሪ ስለሌለው አውሮፕላን ነው። ሦስቱም ጦርነት የነካቸው ናቸው። ሦስቱም ሕይወት ያድናሉ። ከሦስቱ አንዱ ግን ሕይወት ያጠፋልም። ለምን እንደዚያ እንደሆነ እናያለን።

አንድ ነገር አስቀድሜ ላሳስባችሁ። የምጠራቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በእኛ አቆጣጠር ስናገር ግን «በእኛ» እላለሁ።

1. ጨውና ስኳር

ተቅማጥ ሰውን የሚገድለው በምንድን ነው? ብዙ ሰው «በበሽታው ነዋ!» ይላል። እውነት ነው፤ ግን ነገሩን በደንብ እንየው። ተቅማጥ ሲበረታ ከሰውነት ውስጥ ውሃና ጨው ተጠርጎ ይወጣል። ዓይን ይጎደጉዳል። አፍ ይደርቃል። ቆዳ ቆንጠጥ ተደርጎ ሲለቀቅ ቶሎ አይመለስም። ደም ይወፍራል፤ ልብ ይደክማል። ልጁን የሚገድለው ይህ የውሃና የጨው ማለቅ ነው። ኮሌራ ከሆነማ አንድን ጤነኛ ጎልማሳ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላል።

«ታዲያ ውሃ ማጠጣት ነዋ!» ትሉ ይሆናል። ውሃ ብቻውን ግን አይበቃም። የወጣው ጨው አልተተካምና። ጨው ብቻውን ቢሰጥም በታመመ አንጀት በኩል እንደ ልብ አያልፍም። ስለዚህ ሐኪሞች ለረጅም ጊዜ የሚያውቁት መድኃኒት አንድ ነበር፤ እርሱም በመርፌ በደም ሥር የሚገባ ፈሳሽ ነው። እኛ «ግሉኮስ ተሰካለት» የምንለው ዓይነት ነው። ይህ ግን ሐኪም ቤት ይፈልጋል። ንጹሕ መርፌ ይፈልጋል። የሠለጠነ ሰው ይፈልጋል። ከሐኪም ቤት ርቆ የሚኖር ሰውስ ምን ይሁን?

በ1960ዎቹ ሳይንቲስቶች አንድ ነገር አወቁ። አንጀታችን ውስጥ ጨውና ስኳር አብረው ሲመጡ ብቻ የሚከፈት በር አለ። ሁለቱ ተያይዘው ይገባሉ፤ ውሃውም ተከትሏቸው ይገባል። ኮሌራ የአንጀትን ሥራ ሲያበላሽ ይህ በር ግን ሳይበላሽ ይቀራል። በ1968 ዳካ በምትባል ከተማ ዴቪድ ናሊንና ሪቻርድ ካሽ የተባሉ ሁለት ወጣት ሐኪሞች ይህን በኮሌራ ታማሚዎች ላይ ሞከሩት። ጨውና ስኳር በልኩ የተጨመረበትን ውሃ በአፍ አጠጧቸው። ሠራ።

ይህ ትልቅ ግኝት ነበር። ግን ያን ጊዜ ከሐኪም ቤት ግቢ አልወጣም። ብዙ ሐኪሞች፣ «ያልተማረ ሰው ልኩን ያበላሸዋል፤ አደጋ ነው» ብለው ሠጉ። ዕውቀቱ ተገኘ፤ ነገር ግን በጥቂት ሰዎች እጅ ቀረ።

ከዚያ ጦርነት መጣ።

በ1971፣ በእኛ በ1963 ዓ.ም.፣ በዚያን ጊዜ ምሥራቅ ፓኪስታን በሚባለው አገር ጦርነት ተነሣ። ዛሬ ባንግላዴሽ የሚባለው አገር ነው። አሥር ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ድንበር ተሻግሮ ወደ ሕንድ ተሰደደ። ዝናቡ ወረደ። መጠለያው በሰው ተጨናነቀ። መጸዳጃ የለም፤ ንጹሕ ውሃ የለም። ኮሌራ ገባ።

በድንበሩ አጠገብ ቦንጋኦን የምትባል ከተማ አለች። እዚያ ወደነበረው ትንሽ ሐኪም ቤት ዲሊፕ ማሃላናቢስ የተባሉ የሕፃናት ሐኪም ከካልካታ መጡ። ያገኙት ሁለት ክፍል ነው። ወለሉ በታማሚ ተሞልቷል። በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ሊያልቅ ነው። የሠለጠነ ሰውም ጥቂት ነው።

ዶክተሩ ምን አደረጉ? ጨው፣ ግሉኮስ የሚባለውን ስኳርና ጥቂት ሶዳ በልክ አስመዘኑ። ለአንድ ሊትር ውሃ 22 ግራም ግሉኮስ፣ 3.5 ግራም ጨው፣ 2.5 ግራም ሶዳ። ሥራው የተሠራው በአንድ የመጻሕፍት ክፍል ውስጥ ነው። ዱቄቱን በፕላስቲክ ከረጢት ከተቱት፤ የከረጢቱን አፍም በጋለ ካውያ አሸጉት። ቦንጋኦን ሲደርስ ዱቄቱ ቧንቧ ባለው በርሜል ውስጥ በውሃ ተበጠበጠ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ማን ያጠጣ? ነርስ አይበቃም። ስለዚህ ጽዋውን ለእናት፣ ለአባት፣ ለእህት፣ ለወንድም ሰጧቸው። «ታማሚያችሁን እናንተው አጠጡ» አሏቸው። የማያነብ ሰው አጠጣ። ሐኪም ቤት ገብቶ የማያውቅ ሰው አጠጣ።

ውጤቱስ? ከዚያ በፊት በመጠለያው ከመቶ የኮሌራ ታማሚ ከ20 እስከ 30 የሚሆነው ይሞት ነበር። ይህ ከተጀመረ በኋላ በዚያ ሐኪም ቤት ከመቶ የሚሞተው ከአራት በታች ሆነ። «ያልተማረ ሰው ያበላሸዋል» የተባለው ስጋት በዚያ መጠለያ ውስጥ ፈረሰ። በ1978 በእንግሊዝ አገር የሚታተም አንድ ታዋቂ የሕክምና መጽሔት ይህን ግኝት የክፍለ ዘመኑ ታላቅ የሕክምና እርምጃ ሊሆን እንደሚችል ጻፈ። ዶክተር ማሃላናቢስ በ2022 ዓረፉ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ጦርነቱ አለቀ፤ ባንግላዴሽ ነጻ አገር ሆነች፤ ተቅማጥ ግን በየጎጆው ሕፃናትን መግደሉን አልተወም። ከረጢቱ ለሁሉም መንደር አይደርስም። እንግዲህ ምን ይሻላል? ብራክ የሚባል የአገሬው ድርጅት ከ1980 እስከ 1990 ድረስ ሴት አስተማሪዎችን በእግር ወደየቤቱ ላከ። ሚዛን የላቸውም፤ ሚዛኑ የእናቲቱ እጅ ነው። በሦስት ጣት አንድ ቁንጥር ጨው፤ በእጅ አንድ ጭብጥ የአገዳ ስኳር፤ ግማሽ ሊትር ያህል ውሃ። እናቲቱ አይታ ብቻ አትተውም። በራሷ እጅ ትበጠብጣለች። ቀምሳ ታውቃለች። ጨውነቱ ከእንባ መብለጥ የለበትም።

የአስተማሪዎቹ ደመወዝስ? እዚህ ላይ አንድ ብልሃት አለ። ድርጅቱ ከቆይታ በኋላ ሌላ ሰው ወደ ጥቂት ቤቶች ይልክና እናቶችን ያስጠይቃል። እናቶቹ የተማሩትን ካስታወሱ፣ በትክክልም ከበጠበጡ፣ አስተማሪዋ ጥሩ ይከፈላታል። ከረሱ ክፍያዋ ይቀንሳል። ደመወዝ የሚገኘው በተነገረው ቃል ብዛት ሳይሆን በተማረው ሰው ልክ ነው። በአሥር ዓመት ውስጥ 12 ሚሊዮን ያህል ቤት ተዳረሰ።

እንግዲህ አስተውሉ። ሳይንሱ የተገኘው በምርመራ ክፍል ነው። ሕይወት ማዳን የጀመረው ግን ጽዋው በእናት እጅ ሲገባ ነው።

2. ፈንጂ የሚያሸት አይጥ

አሁን ወደ ሁለተኛው እንለፍ። የመጀመሪያው ታሪክ ጦርነት ስላስከተለው በሽታ ነበር። ይኸኛው ጦርነት መሬት ውስጥ ቀብሮ ስለሚሄደው ነገር ነው።

ጠብመንጃ ተኳሹ ሲሄድ ዝም ይላል። መሬት ውስጥ የተቀበረ ፈንጂ ግን ዝም አይልም። ወታደሮቹ እርቅ አውርደው፣ መሪዎቹ ተጨባብጠው፣ ሃያና ሠላሳ ዓመት ካለፈ በኋላም ይጠብቃል። የሚረግጠው ወታደር ይሁን እረኛ፣ ፈንጂው አይለይም። በ2023 ብቻ በዓለም ላይ በፈንጂና ከጦርነት በተረፈ ተተኳሽ ከ5,700 በላይ ሰው ሞቷል ወይም ቆስሏል። ከአሥሩ ከስምንት የሚበልጡት ወታደር ያልሆኑ ሰዎች ናቸው። ብዙዎቹም ልጆች ናቸው። ልጅ ያገኘውን ብረት ያነሣላ!

ፈንጂ መቅበር ቀላል ነው፤ ዋጋውም ርካሽ ነው። ማውጣት ግን ከባድ ነው። ሠራተኛው ብረት የሚለይ መሣሪያ ይዞ መሬቱን በዝግታ ይፈትሻል። መሣሪያው ግን ምስማሩንም፣ ቆርቆሮውንም፣ የጥይት ቀለሁንም «ፈንጂ ነው» ብሎ ይጮኻል። በጮኸ ቁጥር ሠራተኛው ተንበርክኮ በጥንቃቄ መቆፈር አለበት።

ባርት ዊትየንስ የተባለ ቤልጂጋዊ ስለዚህ ነገር ያስብ ነበር። በልጅነቱ አይጥ ያሳድግ ነበርና የአይጥ አፍንጫ ምን ያህል ብርቱ እንደሆነ ያውቃል። «ለምን ብረቱን እንፈልጋለን? ለምን የባሩዱን ሽታ አንፈልግም?» አለ። በ1997 አፖፖ የሚባል ድርጅት ተቋቋመ። ቀጥሎም ሥራው ታንዛኒያ ውስጥ ሞሮጎሮ በምትባል ከተማ፣ ከሶኮይኔ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተደራጀ።

የመረጡት አይጥ የቤት አይጥ አይደለም። በአፍሪካ የሚኖር፣ በጉንጩ ምግብ የሚያጠራቅም፣ ድመት የሚያህል ትልቅ አይጥ ነው። ዓይኑ ደካማ ነው፤ አፍንጫው ግን ድንቅ ነው። ክብደቱ አንድ ኪሎ ተኩል ቢሆን ነው። ስለዚህ ፈንጂው ላይ ቢወጣም ፈንጂው አይነሣም።

ትምህርቱስ እንዴት ነው? አሠልጣኙ በእጁ ቀጭ የሚል ትንሽ ነገር ይይዛል። አይጡ የባሩዱን ሽታ ሲያገኝ ቀጭ ይላል፤ ወዲያው ሙዝ ይሰጠዋል። ሌላ ሽታ ላይ ቢቆም ሙዝ የለም። ይህ በትዕግሥት ለወራት ይደጋገማል። ሠልጥኖ ሲጨርስ በሁለት ሰዎች መካከል በተዘረጋ ገመድ ላይ ታስሮ መሬቱን እያሸተተ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። ሽታውን ሲያገኝ መሬቱን ይጭራል። ያን ጊዜ ሰዎቹ ቦታውን ምልክት ያደርጉበታል። ፈንጂውን የሚያወጣው ግን የሠለጠነ ሰው ነው። ሥራው ማለዳ ነው፤ ፀሐይም የአይጡን ጆሮ እንዳታቃጥለው ቅባት ይቀባል። ሰው በመሣሪያ ቀናት የሚፈጅበትን የቴኒስ መጫወቻ ሜዳ የሚያህል ቦታ፣ አይጥ በግማሽ ሰዓት ይጨርሰዋል።

ማጋዋ የሚባለው አይጥ ታንዛኒያ ውስጥ ተወልዶ በካምቦዲያ ለአምስት ዓመት ሠርቷል። ከመቶ በላይ ፈንጂዎችንና ተተኳሾችን አግኝቷል። በ2020 በእንግሊዝ አገር ያለ የእንስሳት በጎ አድራጎት ድርጅት ለጀግንነቱ የወርቅ ሜዳሊያ ሸለመው። በጥር 2022 በእርጅና ሞተ። ሞዛምቢክ ውስጥም እነዚህ አይጦች ከሰዎችና ከመሣሪያዎች ጋር ሠርተዋል። ያች አገር በ2015 ከሚታወቁ የተቀበሩ ፈንጂዎች ሁሉ ነጻ መሆኗ ታወጀ።

ሰዎቹ ከዚያ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ጠየቁ። «ባሩድ ካሸተተ የሳንባ ነቀርሳን አያሸትም ወይ?» ሞከሩት፤ ያሸታል። ክሊኒክ የሰበሰበው አክታ በማጉያ መነጽር ታይቶ «በሽታ የለበትም» ከተባለ በኋላ አይጦቹ ደግመው ያሸቱታል። የተጠራጠሩበት እንደገና ይመረመራል። አንድ አይጥ መቶ ናሙና በ20 ደቂቃ ውስጥ ይጨርሳል። በዚህ መንገድ ሳይታወቅላቸው ሊቀሩ የነበሩ ብዙ ሕሙማን ተገኝተዋል። ሥራው በታንዛኒያ ተጀምሮ ወደ ሞዛምቢክና ወደ አገራችን ወደ ኢትዮጵያም ተዘርግቷል።

ነገር ግን አንድ ነገር አንርሳ። አይጥ የሰውን ጥፋት ተከትሎ ያጸዳል እንጂ ሰው እንዳይቀብር አይከለክልም። መከልከል የሰዎች ሥራ ነው። በ1997 በካናዳ፣ በኦታዋ ከተማ፣ ሰውን የሚገድሉ የተቀበሩ ፈንጂዎችን የሚከለክል ስምምነት ተፈረመ። ኢትዮጵያም ከፈረሙት አንዷ ናት። ስምምነቱን ለማምጣት የታገሉት ሰዎችም በዚያው ዓመት የኖቤል የሰላም ሽልማት አገኙ። በ2025 ግን ኢስቶኒያ፣ ላትቪያ፣ ሊቱዌንያ፣ ፊንላንድና ፖላንድ ሩሲያን በመስጋት ከስምምነቱ ለመውጣት ወሰኑ። ስለዚህ ስምምነት እንደ አጥር ነው። አንዴ ታጥሮ አይተውም፤ ጠባቂ ይፈልጋል።

3. አብራሪ የሌለው አውሮፕላን

ሦስተኛው ነገር ከሁለቱ ይለያል። ጨውና ስኳሩ ሕይወት ብቻ ያድናል። አይጡም እንዲሁ። ይህ ግን ሁለት መልክ አለው።

ስሙ ድሮን ነው፤ ሰው አልባ አውሮፕላን ማለት ነው። ውስጡ አብራሪ የለም። ከምድር ያለ ሰው ይመራዋል፤ ወይም አስቀድሞ በተሰጠው መንገድ በራሱ ይሄዳል። ሐሳቡ ረጅም ጊዜ የቆየው በጦር ሠራዊቶች እጅ ነው። ለመሰለልም፣ ለመምታትም ተሠራ።

እስቲ መልካሙን መልክ እንይ። ሩዋንዳ የተራራ አገር ናት። መንገዱ ይጠማዘዛል፤ በክረምትም ይጭቀያል። አንዲት ሴት በወሊድ ጊዜ ደም ቢፈሳት ደም ያስፈልጋታል። ደም ደግሞ እንደ እህል በየጎተራው አይቀመጥም። ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ ጊዜው ሲያልፍም ይጣላል። የደሙም ዓይነት ብዙ ነው። በየጤና ጣቢያው ሁሉንም ዓይነት ማስቀመጥ አይቻልም። ሴትዮዋ ደግሞ እስከ ነገ አትጠብቅም።

በ2016 ዚፕላይን የተባለ ኩባንያ ከሩዋንዳ መንግሥት ጋር ሥራ ጀመረ። ደሙ በአንድ ማዕከል ይቀመጣል። ሐኪም ቤቱ በስልክ መልእክት ይልካል። ሠራተኛው ደሙን በካርቶን አሽጎ በትንሽ አውሮፕላን ሆድ ውስጥ ያስቀምጣል። አውሮፕላኑ እንደ ወንጭፍ ካለ ማስፈንጠሪያ ላይ ይወረወራል። በሰዓት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ይበራል። ሐኪም ቤቱ ጋ ሲደርስ ዝቅ ይልና ካርቶኑን ይጥለዋል፤ ካርቶኑ በትንሽ የወረቀት ጃንጥላ ቀስ ብሎ ይወርዳል። አውሮፕላኑ ሳያርፍ ወደ መጣበት ይመለሳል።

ይህ ወሬ ብቻ ነው ወይስ እውነት ጠቅሟል? ተመራማሪዎች ቆጠሩት። ውጤቱም በ2022 ታተመ። በመኪና ከሚሆነው ይልቅ ደሙ ከአንድ ሰዓት በላይ ቀድሞ ይደርስ ነበር። ጊዜው አልፎበት የሚጣለው ደምም በሁለት ሦስተኛ ያህል ቀነሰ። አዲስ ነገር ሁሉ እንዲህ መቆጠር አለበት። «ጥሩ ነው» ማለት አይበቃም። ስንት ሰዓት አተረፈ? ስንት ከረጢት ደም አዳነ? ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

አሁን ሁለተኛውን መልክ እንይ። በ2022 ሩሲያና ዩክሬን ወደ ትልቅ ጦርነት ከገቡ ወዲህ ሁለቱም ወገኖች ትንንሽ ድሮኖችን እጅግ ብዙ አድርገው ይሠራሉ። ዋጋው ጥቂት መቶ ዶላር የሆነ ድሮን ፈንጂ ተሸክሞ ሄዶ ብዙ ሚሊዮን የሚያወጣ ታንክ ያቃጥላል። አንድን ሰውም ለብቻው አሳድዶ ይገድላል። መሪው ሩቅ ተቀምጦ በመስታወት ያያል። በእኛም አገር ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር በተካሄደው ጦርነት ድሮን ተመትቶበታል። ሰላማዊ ሰዎችም ሞተውበታል። ስለዚህ አንዲት የሩዋንዳ እናት ያንን የሞተር ድምፅ ስትሰማ «ደም መጣልኝ» ትላለች። ሌላዋ እናት በሌላ አገር ያንኑ ድምፅ ስትሰማ ልጇን ይዛ ትሸሸጋለች።

ሞተሩ ያው ሞተር ነው። ክንፉ ያው ክንፍ ነው። ልዩነቱ ከሆዱ በታች የተጫነው ነው። የሚጭነው ደግሞ ሰው ነው። ያ ሰውም በማን ታዘዘ? ለማንስ መልስ ይሰጣል? አሁን ደግሞ ማሽኑ ራሱ ዒላማውን መርጦ እንዲመታ ማድረግ እየተቻለ ነው። ያን ጊዜ ስሕተት ቢደርስ ጥፋቱ የማን ይባላል? በተባበሩት መንግሥታት ስብሰባዎች ለዓመታት የተነጋገሩበት ጥያቄ ይህ ነው። ጥያቄው የመሐንዲስ ብቻ አይደለም። ሰማይ ከሁላችንም በላይ ነውና፣ ጥያቄውም የሁላችንም ነው።

ምን እንማራለን?

ውድ አንባቢዎች፣ ሦስቱን ነገሮች አንድ ላይ እናስቀምጣቸው።

ጨውና ስኳሩ የሚነግረን፣ ዕውቀት በጥቂት ሰዎች እጅ ሲቀር ሥራ እንደሚፈታ ነው። ሰዎች «ሕዝቡ አይችልም» ሲሉ ሕዝቡ ችሎ አሳየ። አይጡ የሚነግረን፣ ጥሩ ጥያቄ ከትልቅ መሣሪያ እንደሚበልጥ ነው። ድሮኑ የሚነግረን ደግሞ፣ ዕውቀት በራሱ ደግ ወይም ክፉ እንዳልሆነ ነው። ቢላዋ እንጀራም ይቆርጣል፤ እጅም ይቆርጣል። የማይጠይቅ ሕዝብ ባለበት አገር ቢላዋውን የሚይዘው ማን እንደሆነ አይታወቅም።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በዓለም ላይ ዛሬም በየዓመቱ ከ400 ሺህ በላይ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በተቅማጥ ይሞታሉ። መድኃኒቱ ግን ካወቅነው ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። በአገራችን ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ወይም ኦ.አር.ኤስ. ይባላል። በጤና ኬላና በመድኃኒት ቤት ይገኛል። ከረጢቱ ላይ ጽሑፍ አለ፤ ቁጥርም አለ። ያቺ ጽሑፍ የቦንጋኦን ሐኪም ቤት ታሪክ የደረሰባት ጫፍ ናት። እንግዲህ ማንበብ የቻለ ሰው ያንብባት።

መጀመሪያ የውሃውን ልክ ፈልጉ። ብዙውን ጊዜ አንድ ከረጢት ለአንድ ሊትር ነው። ነገር ግን በልማድ አትሥሩ፤ የያዛችሁት ከረጢት ላይ የተጻፈውን እዩ። ውሃው ካነሰ መጠጡ ጨዋማ ይሆንና ልጁን ይጎዳዋል። ውሃው ከበዛ ጉልበት ያጣል። ውሃው ንጹሕ ይሁን፤ ካጠራጠረ ይፈላና ይቀዝቅዝ። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በኋላ ይደፋ።

ልጁን በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ አጠጡት። ቢያስመልሰው አሥር ደቂቃ ጠብቃችሁ በዝግታ ቀጥሉ። የሚጠባ ከሆነ ጡት አይከልከል። የሚበላ ከሆነም ምግብ አይከልከል። «ተቅማጥ ይዞታልና ውሃ አይጠጣ» የሚለው አሮጌ ልማድ ብዙ ልጅ ጨርሷል። ከጤና ሠራተኛ የዚንክ ክኒንም ይሰጣችኋል። ልጁ ቢሻለውም እስከተባለው ቀን ድረስ ስጡት።

ከረጢቱ ከሌለስ? በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ ሳይከመር ልክ የሞላ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሩ። ይህ እስከ ጤና ጣቢያ ያደርሳል። የልጁ ዓይን ከጎደጎደ፣ መጠጣት ካቃተው፣ ሰውነቱ ከዛለ፣ ወይም ከሰገራው ጋር ደም ከታየ ግን ጊዜ አታጥፉ፤ እያጠጣችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። አባቶች «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ይላሉ። ለዚህ ነገር ከዚህ የተሻለ ምክር የለም።

በትምህርት ጣቢያችሁ የምትወያዩባቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፤ ኮሌራ በገባበት መጠለያ ውስጥ የተበጠበጠውን መጠጥ ለታማሚዎች ያጠጣው ማን ነበር? ለምንስ ነርሶች ብቻ አላጠጡም?

ሁለተኛ፤ አይጡ ፈንጂው ላይ ሲወጣ ፈንጂው የማይነሣው ለምንድን ነው?

ሦስተኛ፤ ደም የሚያደርሰውንና ሰው የሚገድለውን ድሮን የሚለያቸው ምንድን ነው? በሰፈራችሁ ያለ፣ ሁለት መልክ ያለው ሌላ መሣሪያ ጥቀሱ።

አራተኛ፤ አንድ የኦ.አር.ኤስ. ከረጢት ከጤና ኬላ አምጡ። ከመካከላችሁ አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብበው። የውሃውን ልክ፣ የሚያበቃበትን ቀንና የአሰጣጡን መመሪያ ፈልጋችሁ በጣታችሁ አሳዩ። ከዚያም ያልመጣች ጎረቤት ካለች ቤቷ ሄዳችሁ አንብቡላት።